ወተቱን የሚቆጣጠረው ማነው? የምግብ ደኅንነት ቁጥጥር በአገራችን እንዴት ይሠራል

በየተወሰነ ጊዜ ዜና ላይ አንድ ማስታወቂያ ይነበባል። የዘይት፣ የማር፣ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ የጨው፣ የከረሜላ ስም ይዘረዘርና ኅብረተሰቡ እንዳይጠቀማቸው ይባላል። ሰው ይሰማና ጓዳ ገብቶ ጠርሙሱን ገልበጥ አድርጎ ያያል። የእሱ ዘይት ከዝርዝሩ ከሌለ እፎይ ይላል። ካለ ደግሞ ይናደዳል። ይህን ሁሉ ጊዜ ስንበላው ተቆጣጣሪው የት ነበር?

ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ደግሞ እዚያው ማስታወቂያው ውስጥ አለ። ምርቶቹ የታገዱበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። የአምራቹ ስምና አድራሻ የለም። የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን የለም። የመለያ ቁጥር፣ ብዙዎች ባች ነምበር የሚሉት፣ የለም። እንግዲህ ባለሥልጣኑ ዕቃውን ሱቅ መደርደሪያ ላይ አገኘው። ማን ሠራው? የት ሠራው? ስንት ካርቶን ተሸጠ? አያውቅም። አምራቹ ቢታወቅ ኖሮ በሩ ይታሸግ፣ ምርቱም ከየሱቁ ይሰበሰብ ነበር። ስላልታወቀ የቀረው አማራጭ እኛን ማስጠንቀቅ ሆነ። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ የሚበዛው ቁጥጥሩ ከመነሻው ሳይደርስ ሲቀር ነው።

ምግብ ከማሳ እስከ ማዕድ በብዙ እጅ ያልፋል። እያንዳንዱን እጅ የሚመለከት መሥሪያ ቤት አለ። ነገሩ የሚበላሸው በአብዛኛው አንዱ እጅ ለሌላው ሲያቀብል ነው። ይህን ለማሳየት አንድ ሊትር ወተት ተከትለን እንሄዳለን። ከዚያ በፊት ግን ማን ማን እንደሆነ እንወቅ።

ማን ምን ይቆጣጠራል?

ዛሬ የሚሠራበት ዋናው ሕግ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። ከእሱ በፊት አዋጅ ቁጥር 661/2002 ነበር። ከዚያ ቀደም የነበረው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ሥራው መድኃኒት ነበር። ምግብና መድኃኒት በአንድ ተቆጣጣሪ ሥር የመጡት በ2002ቱ አዋጅ ነው። ታሪኩ ምን ያህል አጭር እንደሆነ አስቡት። አገሪቱ ምግብን በዚህ መልክ መቆጣጠር ከጀመረች ገና ብዙ አልቆየችም።

አዋጁ ምግብ የሚለው ሰፊ ነው። ውኃውም፣ ለስላሳውም፣ ማስቲካውም ውስጡ አለ። ሥልጣኑ ግን የተከፋፈለ ነው። የፌዴራሉ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከውጭ የሚገባውን፣ ወደ ውጭ የሚወጣውንና ከክልል ወደ ክልል የሚዘዋወረውን ይመለከታል። በአንድ ክልል ተመርቶ እዚያው የሚበላው የክልሉ ድርሻ ነው። ሆቴሉ፣ ዳቦ ቤቱ፣ ጁስ ቤቱም እንደዚያው። አዲስ አበባ የራሷ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አላት። ወደ ታች ሲወረድ ክፍለ ከተማና ወረዳ አለ።

በሌላ በኩል ግብርና አለ። የእንስሳት መኖ፣ የከብት መድኃኒት፣ ማሳ ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይ የግብርና ባለሥልጣን ጉዳይ ነው። ደረጃ የሚያወጣው ሌላ ነው፣ የኢትዮጵያ ስታንዳርድ ኢንስቲትዩት። ናሙና ወስዶ የሚመረምረው ሌላ ነው፣ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት። እንደ ታሸገ ውኃ፣ የምግብ ዘይትና የስንዴ ዱቄት ያሉ አስገዳጅ ደረጃ የወጣላቸው ምርቶች ላይ ንግድ ሚኒስቴርም እጁ አለበት። ወረርሽኝ ሲነሳ ደግሞ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይመጣል።

ይህን ሁሉ ስም በቃል መያዝ አያስፈልግም። ዋናው ቁም ነገር አንድ ምርት መንገዱ ላይ ሳለ ባለቤት መሥሪያ ቤቱ ይለዋወጣል። አሁን ወደ ወተቱ።

አንድ ሊትር ወተት

አዲስ አበባ የምትጠጣው ወተት ከራሷ ከከተማዋ ላሞች ሌላ ከሱሉልታ፣ ከሆለታ፣ ከሰበታ፣ ከቢሾፍቱ፣ ከሰላሌ አካባቢ ይመጣል። ላሟ ድርቆሽ ትበላለች፣ ፉርሽካ ትበላለች፣ ወተት እንዲበዛላት ደግሞ ፋጉሎ ይጨመርላታል። በተለይ የኑግ ፋጉሎ። ዘይቱ ተጨምቆ ሲያልቅ የሚቀረው ማለት ነው።

ገበሬው በማለዳ አልቦ ወተቱን ወደ ማሰባሰቢያ ያመጣል። እዚያ ያለው ሠራተኛ መጀመሪያ ያሸታል። ቀጥሎ ላክቶሜትር ይነክራል። ወተቱ ውኃ ከተጨመረበት ይቀጥናል፤ መሣሪያውም ከተለመደው በታች ይሰምጣል። ከዚያ ትንሽ ወተት ወስዶ ከእኩል መጠን አልኮል ጋር ይቀላቅላል። ጓል ጓል ካለ ወተቱ መምረር ወይም መጎምዘዝ ጀምሯል፣ ይመለሳል። ሁሉም በደቂቃዎች ያልቃል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ውኃ የጨመረና ያሳደረ ሰው እዚህ ይያዛል።

ወተቱ ፋብሪካ ሲደርስ ይሞቃል። የተለመደው አሠራር በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ማሞቅ ነው። ይህ የከብት ሳንባ ነቀርሳንና ብሩሴላን የመሳሰሉ ተሕዋስያንን ይገድላል። ጥሬ ወተት ለሚወድ ሰው ይህን ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል፤ ቤት ውስጥ ማፍላትም ያው ሥራ ይሠራል።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ግን ላክቶሜትሩም፣ አልኮሉም፣ እሳቱም የማይነካው አንድ ነገር አለ። አፍላቶክሲን ይባላል።

አፍላቶክሲን ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው። ኑጉ ወይም ፋጉሎው እርጥበት ይዞ ሲከማች ሻጋታው ይይዘዋል። ላሟ ትበላዋለች። ጉበቷ መርዙን ወደ ሌላ ዓይነት ይቀይረዋል፣ ያም በወተቷ ይወጣል። ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም፣ ብታፈላው አይጠፋም። ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ከጉበት ካንሰር ጋር ይያያዛል። ከክብደቱ አንጻር ብዙ ወተት የሚጠጣው ደግሞ ሕፃን ነው።

በአዲስ አበባና አካባቢዋ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት 110 የወተት ናሙናዎችን መረመረ። መርዙ ሁሉም ላይ ተገኘ። በአውሮፓ ኅብረት ወሰን፣ ማለትም በሊትር 0.05 ማይክሮግራም ሲመዘኑ ያለፉት 9 ብቻ ነበሩ። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪ አካል ካስቀመጠው 0.5 ማይክሮግራም በላይ የተገኘባቸው ደግሞ 29 ነበሩ። በዚያው ጥናት 156 የመኖ ናሙና ታየ። መርዙ የሌለበት አንድም አልነበረም። ዋናው ተጠርጣሪ የኑግ ፋጉሎው ሆነ።

እነዚህን ቁጥሮች ቆም ብለን እንያቸው። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከባድ ውሳኔ የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው። የአውሮፓን ወሰን እንውሰድ ቢል በጥናቱ መሠረት ከአሥር ሊትር ዘጠኙን መድፋት አለበት። ልጆች ወተት ያጣሉ፣ ገበሬው ይከስራል፣ ወተቱም ሳይመረመር በጓሮ በር ይሸጣል። የኮዴክስን ወሰን ቢይዝ የሚመለሰው ሩቡ ገደማ ነው። ምንም ወሰን አይኑር ቢል ደግሞ ሻጋታው እንዳለ ይቀጥላል። በእኔ እምነት ለጊዜው ትክክለኛው መሥመር የኮዴክሱ ነው፤ ግን ወተቱ ላይ ብቻ ሳይሆን መኖው ላይ ከሚሠራ ሥራ ጋር። የሌላ አገር ወሰን ገልብጦ ማጽደቅ ቀላል ነው። ከባዱ ነገር ገበሬው ሊደርስበት የሚችል ወሰን አውጥቶ በየጊዜው ጠበቅ እያደረጉ መሄድ ነው።

አሁን ወደ ቁጥጥሩ ጥያቄ። የኑግ ፋጉሎውን ማን ይቆጣጠረዋል?

ኑጉን የሚጨምቀው ሰው ራሱን የሚያየው እንደ ዘይት ነጋዴ ነው። ዘይቱ ምግብ ስለሆነ የምግብ ተቆጣጣሪ ያየዋል። ፋጉሎው ግን ተረፈ ምርት ነው። ከመጭመቂያው በር ሲወጣ መኖ ሆነ፣ መኖ ሲሆን ወደ ግብርና ተሻገረ። ያው ኑግ፣ ያው መጋዘን፣ ያው ሻጋታ፤ ግማሹ የአንዱ መሥሪያ ቤት፣ ግማሹ የሌላው። ላሟ ጋ ሲደርስ የእንስሳት ሐኪሙ የሚያየው የላሟን ጤና ነው። ላሟ ደግሞ ብዙ ጊዜ ደህና ናት። ወተቱ ፋብሪካ ሲገባ የምግብ ተቆጣጣሪው ይመለሳል። ያኔ ግን የመቶ ገበሬ ወተት አንድ ቦቴ ውስጥ ተቀላቅሏል። መርዙ ቢገኝ እንኳ ከማን እንደመጣ መለየት አይቻልም።

የሚያስቆጨው ነገር መፍትሔው ርካሽ መሆኑ ነው። ኑጉን በደንብ ማድረቅ። ፋጉሎውን ከመሬት ከፍ አድርጎ አየር በሚያገኝበት ቦታ ማስቀመጥ። የሻገተውን መለየት። ላሟ ንጹሕ መኖ መብላት ከጀመረች በጥቂት ቀናት ውስጥ ወተቷ ይጠራል። ፋጉሎ መጋዘን ላይ የሚወጣ አንድ ብር ፋብሪካው ላይ ከሚወጣ ብዙ ብር ይበልጣል። የምግብ ደኅንነት ሰዎች ከመነሻው ጀምሩ እያሉ የሚወተውቱት ለዚህ ነው።

ጾም፣ በዓልና ቅርጫ

እኛ አገር የምግብ ቁጥጥር የራሱ ወቅት አለው። በጾም ወራት ወተት ገዢ ያጣል። ገበሬው ይንጠውና ቅቤ ያደርገዋል። ፋሲካ ሲቃረብ ሁሉም ሰው ቅቤ፣ በርበሬ፣ ዶሮ ይፈልጋል፣ ዋጋም ይሰቀላል። ባዕድ ነገር መቀላቀል የሚበዛው ያኔ ነው። ቅቤ ላይ የሚረጋ ዘይት ወይም ሙዝ፣ በርበሬ ላይ ቀይ አፈር፣ ማር ላይ ስኳር። እንጀራ ላይ ጄሶና ሰጋቱራ ተገኘ የተባለበትን ጊዜ የሚረሳ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ይህ ወንጀል ነው። ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ሊይዙት ይገባል። ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሕዝብ የሚቆጣው ሆን ተብሎ በተጨመረ ነገር ነው። ብዙ ሰው የሚታመመውና የሚሞተው ደግሞ ማንም ሆን ብሎ ባልጨመረው ነገር ነው፤ በተበከለ ውኃ፣ ባልታጠበ እጅ፣ ሙቀት ላይ በዋለ ወጥ፣ በጥሬ ሥጋ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰው በተበከለ ምግብ ይታመማል፣ 420 ሺህ ሰው ይሞታል። አፍሪካ ውስጥ የሚታመመው 91 ሚሊዮን፣ የሚሞተው 137 ሺህ ነው። ትልቁን ድርሻ የያዘው ተቅማጥ ነው። ጄሶ ለዜና ይመቻል፣ ተቅማጥ አይመችም። የቁጥጥር ገንዘብና የሰው ኃይል ሲመደብ ግን መታየት ያለበት የሚገድለው ነው።

ሥጋን እንውሰድ። ቄራ የሚታረድ በሬ ከመታረዱ በፊትም በኋላም በእንስሳት ሐኪም ይታያል። ሐኪሙ መንጋጋውን፣ ምላሱን፣ ልቡን ሰንጠቅ አድርጎ ያያል። የሚፈልገው ነጭ ፍሬ የሚመስል እባጭ ነው፣ የኮሶ ትል ዕጭ። ከሌለ ማኅተም ይመታበታል። በበዓል ቅርጫ ሲሆን ይህ ሁሉ የለም። ጎረቤት ተሰብስቦ ያርዳል፣ ይከፋፈላል፣ ከሱም ጥሬው ይቆረጣል። አንድም ማኅተም አያርፍበትም።

ቅርጫን ከልክል የሚል ሰው ካለ አገሩን አያውቅም። ቅርጫ ማኅበራዊ ኑሮ ነው፣ ለብዙ ቤተሰብም በዓመት ሥጋ በደንብ የሚበላበት መንገድ ነው። ተቆጣጣሪ በየግቢው ሊቆም አይችልም። ሊያደርግ የሚችለው የከብት ገበያው ላይ ሐኪም ማቆምና አራጆችን ማሠልጠን ነው። ምላስና ልብ ላይ ያንን ነጭ ፍሬ ያየ ሰው ሥጋውን ጥሬ እንዳይበላ ቢያውቅ ብዙ ኮሶ ይቀራል። እባጩ ባይታይም ሊኖር ስለሚችል፣ አስተማማኙ በደንብ የበሰለው ነው።

ለውጭ የሚሄደውና እዚህ የሚቀረው

ሌላ ደስ የማይል እውነት አለ። ቁጥጥሩ ጠንከር የሚለው ምግቡ ወደ ውጭ ሲሄድ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የውጭ ገዢ እምቢ ማለት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሳዑዲ ዓረቢያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሚባለው በሽታ ምክንያት ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣ የቁም እንስሳ ስታግድ አርብቶ አደሩ ተጎድቷል። ዛሬ ሞጆና ቢሾፍቱ ያሉት የኤክስፖርት ቄራዎች ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ሥጋ የሚልኩት በገዢው መስፈርት ነው። የአውሮፓ ኅብረትም ከኢትዮጵያ የሚገቡ አንዳንድ ቅመማ ቅመሞችን በአፍላቶክሲን፣ ሰሊጥን ደግሞ በሳልሞኔላ ምክንያት ጠበቅ ያለ ምርመራ ከሚደረግባቸው ምርቶች ዝርዝር አስገብቷል። ስለዚህ ላኪው ከመጫኑ በፊት ያስመረምራል። ካላስመረመረ ኮንቴይነሩ ሊመለስበት ይችላል።

እዚህ ያለችው እናት ግን እምቢ ለማለት የሚያስችላት መረጃ የላትም። መርካቶ የገዛችው ዝንጅብልና እርድ ከአንድ ማሳ ወጥቶ ፍራንክፈርት ከደረሰው የተለየ ላይሆን ይችላል። ልዩነቱ የፍራንክፈርቱን የመረመረው ሰው መኖሩ ነው። ይህ ፍትሐዊ አይደለም። በሌላ በኩል ግን አንድ ነገር ያሳያል፤ ባለሙያው አለ፣ ላቦራቶሪው አለ፣ ሥራው ይቻላል። የጎደለው ለአገር ውስጥ ገበያ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ጉሊቱን መዝጋት?

አንድ ባለሥልጣን በቂ ኢንስፔክተርና በጀት ሳይኖረው የሚቀለው ሥራ ማሸግ ነው። ሪፖርት ላይ ስንት ቤት እንደታሸገ በቁጥር ይጻፋል። ስንት ሰው ከተቅማጥ እንደዳነ ግን በቀላሉ አይቆጠርም። አብዛኛው ምግባችን ደግሞ የሚያልፈው በጉሊት፣ በቅዳሜ ገበያ፣ በወፍጮ ቤትና በሰፈር ወተት ሻጭ ነው። እነዚህን ብታሳድዳቸው አይጠፉም። ይደበቃሉ። የተደበቀ ነጋዴ ደግሞ አይሠለጥንም፣ አይመረመርም።

ኬንያ ይህን በደንብ አይታዋለች። ጥሬ ወተት በብስክሌትና በጀሪካን የሚያዞሩ ነጋዴዎች ለዓመታት ሲባረሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ አካሄዱ ተቀየረ። የአገሪቱ የወተት ቦርድ ነጋዴዎቹን ማሠልጠንና የምስክር ወረቀት መስጠት ጀመረ። በፕላስቲክ ፈንታ በደንብ የሚታጠብ የብረት ዕቃ፣ ቀላል የወተት ምርመራ፣ የእጅ ንጽሕና። ነጋዴው ያተረፈው በሕጋዊነት ያለ ፍርሃት መሥራትን ነው። መንግሥት ያተረፈው ደግሞ ነጋዴው የት እንዳለ ማወቅን ነው። የሠለጠኑት ሰዎች ወተት ጥራቱ ተሻሽሎ ተገኝቷል።

ለእኛም የሚሆነው ይሄ ይመስለኛል። በርበሬ የምትሸጥ ሴት እርጥብ በርበሬ ክብደት ስለሚጨምርላት ውኃ ልትረጭበት ትችላለች። ያ ውኃ ሻጋታ ይጠራል። እሷን ከማሳደድ ይልቅ ደረቅ በርበሬ የሚገዛ ነጋዴ የተሻለ ዋጋ እንዲከፍላት ማድረግ ይበልጣል። ቅጣት ያስፈልጋል፣ አልክድም። ግን ቅጣት የሚሠራው ነጋዴው ትክክለኛውን ነገር ሠርቶ መኖር ሲችል ነው።

እስከዚያው እኛ

ስትገዙ የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የመለያ ቁጥርና ሁለቱ ቀኖች መኖራቸውን እዩ። ቀኑን ስታነቡ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ አጣሩ። አንዳንድ የአገር ውስጥ ምርት በኛ አቆጣጠር ይጻፋል፣ የውጭው ደግሞ በፈረንጆቹ ነው። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት የተበላሸውን ደህና፣ ደህናውን የተበላሸ ሊያስመስል ይችላል።

ችግር ካያችሁ የፌዴራሉ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ነው። ማሸጊያውን አትጣሉት፣ የተረፈውንም ምግብ አስቀምጡ። ስትደውሉ የምርቱን ስም፣ የመለያ ቁጥሩን፣ የገዛችሁበትን ሱቅና ቀኑን ንገሯቸው። ኢንስፔክተሩ ከሱቁ ወደ አከፋፋዩ፣ ከአከፋፋዩ ወደ አምራቹ ወደ ኋላ ተከትሎ የሚሄደው በዚያ መረጃ ነው።